«የስፖርት መኪና» ያልኩሽ ነገር

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት የሚቆረጥምሽ ትከሻሽስ ረገብ አለልሽ? ወይስ እንደ ልማድሽ ለሰው ሁሉ «ደህና ነኝ» እያልሽ ለብቻሽ ታቃስቻለሽ? እትዬ በደንብ ታይሻለች? እሷስ ራሷ እንዴት ናት? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ከናፍቆትሽ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን የግራ ጉልበቴ ይታዘበኛል። የእሱን ነገር ወደ በኋላ እደርስበታለሁ።

እትዬ፣ ይህን የምታነቢላት አንቺ ነሽና ገና ሳትጀምሪ የምለምንሽ ነገር አለ። ቤት ውስጥ ጎረቤት ካለ፣ በተለይ የስፖርት አስተማሪው ካለ፣ ሻዩን ጠጥቶ እስኪሄድልሽ ድረስ ወረቀቱን ኪስሽ ክተቺው። ሲሄድ በሩን ዝጊና አንብቢ። የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ወይም አንድ ሁለት መስመር ዘለል ብለሽ እንዳታልፊልኝ። እኔ ስጽፈው አልዘለልኩትም።

እማዬ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። ያን ሰሞን ስልክ ደውዬ «የስፖርት መኪና መንዳት ጀመርኩ» ያልኩሽን ታስታውሻለሽ። እዚህ ከተማ የስፖርት መኪና ሲባል ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ለመሮጥ የተሠራች፣ ጎረምሳ ሲያያት ምራቁን የሚውጥላት የቤት መኪና ናት። አንቺ የሰማሽው ግን የስፖርተኞች መኪና ነው። አይፈረድብሽም። የዳቦ መኪና ዳቦ ይጭናል፣ የትምህርት ቤት መኪና ተማሪ ይጭናል፣ የስፖርት መኪና ስፖርተኛ ባይጭን ምን ሊጭን ነው?

«ተመስገን፣ ከሰው አፍ ወጣህልኝ» አልሽኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራቴ ደስ ብሎሽ እንደማያውቅ አውቃለሁ። ሰው ልጅሽ ምን ይሠራል ሲልሽ «ሕክምና ቤት ነው» ብለሽ ወሬ እንደምትቀይሪ እትዬ ነግራኛለች። ያን ቀን ግን ድምፅሽ ሌላ ሆነ። የስፖርት ክለብ ሾፌር የሆንኩ መስሎሽ፣ ልጆቹን ቀስ ብለህ አድርሳቸው፣ የሰው አደራ ናቸው ብለሽ ስትመርቂኝ፣ እዚያው ላይ «እማዬ፣ ልጆች የሉም፣ መኪናዋም የራሴ ናት፣ ከእኔ ሌላ የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ግን «እሺ» ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። በደወልኩ ቁጥር «ልጆቹ አሸነፉ?» ትይኛለሽ። መጀመሪያ አሸነፉ አልኩሽ። ሁልጊዜ ማሸነፍ ደግሞ የማይታመን ሲመስለኝ አቻ አወጣኋቸው። አንዴም በዝናብ እንዲሸነፉ አደረግኳቸውና «አይዟችሁ በላቸው» ብለሽ ስታዝኚ ሰማሁሽ። አንድ ቀን ወሬ ቢያጥረኝ በረኛውን ጉልበቱን አሳመምኩት፤ አንቺም ለማታውቂው ልጅ ጉልበት ስትጸልዪ ሰነበትሽ። እማዬ፣ ጉልበቱ የእኔ ነበር። ግራው። ጸሎትሽ ደርሶኝ ከሆነ እንጃ፣ እስካሁን ያመኛል።

ለምን ገዛኻት ብትዪኝ የሚያኮራ መልስ የለኝም። እኔ የምውለው ከሕክምና ቤቱ በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰም አቀልጣለሁ፣ ጥርስ እደረድራለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ አወለውላለሁ። የሠራሁትን ጥርስ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እኔን የሚያየኝ የለም፤ እንዲያውም ጥሩ አድርጌ ከሠራሁት ጥርሱም የሰውዬው የራሱ ይመስላል። ማታ ማታ በአውቶቡስ ስመለስ መኪና ማጠቢያው በር ላይ ቆማ አያት ነበር። ቀይ ናት። አዲስ አይደለችም፤ አፍንጫዋ ላይ የተላላጠ ቦታ አላት። ዓይኔን ጣልኩባት። አንድ ቀን መስታወቷ ላይ ለሽያጭ የሚል ተለጥፎባት ሳይ ከአውቶቡሱ ፌርማታዬ ሳይደርስ ወረድኩ። ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ላይ አዩኝ። የልብ ልብ ተሰማኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ወጥተው ዞሯት፣ የጥርስ ሐኪሟ እንኳ ጓንቷን ሳታወልቅ በመስኮት አየቻት። ከዚያ መንገዱ ያዘኝ።

ከቤቴ እስከ ሥራዬ ያለው መንገድ ጠዋትም ማታም መኪና ከመኪና ተነካክቶ የሚቆምበት ነው። የእኔዋ ደግሞ አውቶማቲክ አይደለችም። ማርሹን በእጅሽ እየቀያየርሽ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን መርገጫ በግራ እግርሽ እየረገጥሽና እየለቀቅሽ ነው የምትሄጂው። ፊት ያለው መኪና ክንድ ታህል ፈቀቅ ሲል ፍሪሲዮን ትረግጫለሽ፣ አንደኛ ማርሽ ታስገቢያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትለቂያለሽ፣ መኪናዋ አንዴ ትንፈራገጣለች፣ ከዚያ ፍሬን። ላብሽን ሳትጠርጊ እንደገና። ቶሎ ከለቀቅሽ ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ ሞተሩ ቀጥ ሲል ከኋላ ያለው ሳር ቅጠሉ ክላክሱን ይለቅብሻል። ሦስተኛ ማርሽ እንዳላት የማውቀው ቁጥሩ እጀታው ላይ ስለተጻፈ ነው። ለመሮጥ የተሠራች መኪና ይዤ የአህያ ጋሪ ያህል እንኳ ሄጄ አላውቅም።

ዳገቱ ጋ ስደርስ ደግሞ ከኋላዬ ሁልጊዜ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አይጠፋም። የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ግማሽ ለቅቄ፣ ነዳጅ እየሰጠሁ፣ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። ከዝቅታዋ የተነሳ የማየው የሰው ፊት ሳይሆን ጎማ ነው። የአውቶቡሱ ጭስ በቀጥታ ወደ መስኮቴ ይገባል። ድሮ እኔ ከአውቶቡስ ላይ ሆኜ ቁልቁል አይቻት ነበር የተመኘኋት፤ አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ቁልቁል እያዩኝ ያዛጋሉ።

በመኪኖቹ መሃል ኦቾሎኒ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። መልካም ሴት ናት፣ ምላሷ ግን አያድርስ ነው። ከዳገቱ ሥር አብረን እንነሳና በእግሯ ቀድማኝ፣ በመንገድ ላይ እየሸጠችና መልስ እየመለሰች፣ አደባባዩ ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ስደርስ «ሯጩ፣ ዛሬም ተቀደምክ» ትለኛለች። ስሙ ከእሷ ተነሥቶ መንገዱን ሁሉ ያዘው። ጋዜጣ ሻጩም፣ ትራፊክ ፖሊሱም ሯጩ ነው የሚሉኝ። ሰው እንዲያየኝ ብዬ የገዛኋት መኪና ይህን ስም ሰጠችኝ። ይህን ስም ያዥልኝ፣ ወደ ፊት ይመጣል።

እንግዲህ አናጢው ወንድምሽ ጋሼ ጥርሱን ሊያሠራ እንደሚመጣ ስትነግሪኝ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። «ለልጆቹም አንድ ነገር ይዞላቸዋል» ስትዪኝ ቆሎ ወይም ብስኩት መሰለኝ። በስፖርት መኪናው ልቀበለው ብለሽ ስላሳሰብሽኝ ደግሞ ከሥራ ወጥቼ በመንገድ ላይ የምነግረው ውሸት እያሰላሰልኩ ወደ መናኸሪያው ነዳሁ። መኪናው ተበላሽቷል ልለው ነው፣ ይህቺን ከጓደኛ ተውሼ ነው ልለው ነው፣ ገና አልቆረጥኩም ነበር።

መናኸሪያው በር ፊት ለፊት ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ቀና ስል አየሁት። ጋሼ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ አዲስ በተሠራ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ልክ በገዛ ግቢው እንዳለ ሁሉ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የአግዳሚው ጫፍና ጫፍ እንዳይፋቅ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጎኑ ላይ በመሮ «ለተጠባባቂዎች» ብሎ ቀርጾበታል። ከተሰላፊው ውጪ ያሉት ልጆች ቁጭ የሚሉበት አጥተው መሬት ላይ እንዳይቀመጡ ብለሽ አንቺ ነሽ ያዘዝሽው። ወንድምሽ ይህን ያህል እንጨት በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ፣ በየፌርማታው እየወረደ ገመዱን እየፈተሸ አመጣው። ለሌሉ ልጆች።

ጋሼ የሚያልፈውን መኪና አንድ በአንድ ያያል። የሚያየው ግን ትልልቁን ነው፤ ዓይኑ ከእኔ ጣሪያ በላይ ነበር የሚያልፈው። ክላክስ ባደርግለት፣ መስኮቱን አውርጄ ጋሼ ብለው ያልቅ ነበር። ሽምቅቅ ብዬ ወንበሬ ውስጥ ሰመጥኩ። በዚያ ቅጽበት ከፊቴ ያለው መንገድ ተከፈተ። በዚያ ሰዓት ተከፍቶ የማያውቅ መንገድ ለእኔ ተከፈተልኝና ሁለተኛ አስገብቼ በፊቱ አለፍኩ።

መኪናዋን ዳቦ ቤቱ ጀርባ ካለው ቁልቁለት ላይ ደበቅኳትና በእግሬ ተመለስኩ። ጋሼ አቅፎ ሳመኝ። የልጆቹ መኪና ጋራዥ ገብቷል አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። እሱ ምንም አልከፋውም፤ «ታዲያ ትከሻ የት ሄደ?» ብሎ የአግዳሚውን አንድ ጫፍ አነሣ። ሁለታችን ተሸክመን በቆሙት መኪኖች መሃል አለፍን። እውነት ለመናገር በመኪናዬ ከምሄደው ፈጥነን ነው የሄድነው። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ኦቾሎኒ ሻጯ «ሯጩ፣ ዛሬ ደግሞ በእግርህ?» አለችኝ። በዓይኔ ለመንኳት፤ ገባትና ወደ ገዢዎቿ ዞረች። ጋሼ ግን ሰምቶ «ሯጭ ይሉሃል?» አለኝ። ከስፖርተኞቹ ጋር ስለምውል ነው አልኩት። ውሸቴ በገዛ እግሩ መሄድ ጀምሮ ነበር።

ክፍሌን ታውቂያታለሽ፣ በፎቶግራፍ አይተሻታል። አግዳሚው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላት። ጋሼ አልጋው ላይ፣ እኔ አግዳሚው ላይ እንተኛለን። እንጨቱ ገና የመላጊያ ሽታ አለው። ማታ ማታ ጋሼ ስለ ልጆቹ ይጠይቀኛል፤ ማን ፈጣን ነው፣ ማን ይስቃል፣ የበረኛው ጉልበት እንዴት ሆነ። እኔም ጥርስ እንደምደረድር ልጅ እየደረደርኩ እነግረዋለሁ። መቼ ሄደን አግዳሚውን እንሰጣቸዋለን ይለኛል፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ።

አሁን እትዬ ድምፅሽን አትቀንሺ።

አንድ ጠዋት ልጆቹን ልምምድ ላደርስ ነው ብዬ ከቤት ወጣሁ። ጋሼ ከተማውን ላይ ብሎ እኔ ከሄድኩ በኋላ ለብቻው ወጥቷል፤ እኔ አላወቅሁም። የመኪናዋ ባትሪ ከደከመ ሰንብቶ ነበር። ማስለወጥ ሲገባኝ፣ ቁልቁለት ላይ እያቆምኩ፣ በመንደርደር እያስነሣኋት ነበር የምሄደው። ያን ቀን ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ሰልፉ ውስጥ ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅኩት። ሞተሩ ቀጥ አለ። ቁልፉን ባዞረው ጭጭ። ደግሜ ባዞረው ጭጭ። ክላክሱ ከኋላ ወረደብኝ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ በመዳፉ ጣሪያዬን መታ መታ አደረገና «ሯጩ፣ መንገዱን ልቀቅ፣ ይገፋልህ» አለኝ። ኦቾሎኒ ሻጯ ሳህኗን እግረኛ መንገዱ ላይ አስቀምጣ መጣች። ጋዜጣ ሻጩም መጣ። ሌላም አንድ ሰው መጣ።

በስፖኪዮው ወደ ኋላ ሳይ መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች የሰውዬው ፊት አይታየኝም። የታየኝ ደረቱና የኋላው መስታወት ላይ ያረፉት ሁለት መዳፎች ናቸው። የቀኙ እጅ ሌባ ጣት ጫፍ የለውም። እማዬ፣ ያን ጣት ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ መጋዙ ሲቆርጠው ያሰርሽለት አንቺ ነሽ።

በቁሜ ሞትኩ። ጋሼ የማንም ትሁን የማን አንዲት መኪና መንገድ ላይ ቆማ ስላየ ኮቱን አውልቆ ጋዜጣ ሻጩ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ሊገፋ ገባ። የሚያየው ማጅራቴን ብቻ ነው። ወርጄ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አንገቴን ሰበርኩና ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ጠበቅሁ። ገፉ። ሲገፋ ትንፋሹ ይሰማኛል፤ እንጨት ሲልግ የሚያሰማት ያቺ ትንፋሽ ናት። መኪናዋ መንከባለል ጀመረች። ያኔ ኦቾሎኒ ሻጯ በሙሉ ድምፅዋ «ሯጩ፣ አሁን ልቀቀው!» ብላ ጮኸች። ለቀቅሁት። ሞተሩ ተነሣ።

እንዲህ የተነሣ ሞተር ወዲያው ቢቆም ይጠፋል፤ ስለዚህ አልቆምኩም ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ይኸውልሽ። ከፊቴ ነዳጅ ማደያ ነበር፣ ሰፊ ቦታ አለው። ገባ ብዬ ሞተሩ እየሠራ ዜሮ ላይ አድርጌ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ መውረድ እችል ነበር። ማደያውንም አለፍኩት። በስፖኪዮው ሳይ ጋሼ መንገዱ መሃል እጆቹን ዘርግቶ እንደ ቆመ ቀርቷል። መኪኖቹ ክላክስ እያደረጉበት በግራና በቀኙ ያልፉታል። ትራፊክ ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያሻግረው አየሁና መንገዱ ታጠፈ።

ያን ቀን የሰው ጥርስ አበላሸሁ፤ ሐኪሟ ምን ሆነሃል አለችኝ። ማታ ቤት ስገባ ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እያራሰ ይበላል። ከተማችሁን ሳይ ዋልኩ አለኝ። አንድ መኪናም ገፋሁ አለኝ። የማን ብዬ ጠየቅሁት። «የአንድ ልጅ። ቸኩሎ ነበር» አለኝ። አመሰገነህ ወይ አልኩት፤ እንዴት እንዲህ ብዬ እንደ ጠየቅሁ እስካሁን አላውቅም። ጋሼ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እንደያዘ «እጁ መሪ ላይ ነበር፣ በምን ያመስግነኝ?» አለኝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ጋሼ ስለ ልጆቹ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። የበረኛውን ጉልበት አላነሣም። አግዳሚውን መቼ እንወስዳለን አላለም። እኔ ጅሉ የደከመው ነው የመሰለኝ።

የጥርሱን ልክ የምንሞክርበት ቀን ደረሰ። ሐኪሟ አጠገቤ ቆማ፣ ጋሼ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በሰም የተደረደረውን ጥርስ እኔ በገዛ እጄ አገባሁለት። ፊቱ ከፊቴ በስንዝር ርቀት ላይ ነው። ሌላው በሽተኛ ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጋሼ ግን አልጨፈነም። «ጋሼ፣ ያን ቀን...» ብዬ ጀመርኩ። አፉ ሰም ስለሞላው መናገር አይችልም። ያን ጫፍ የሌለውን ጣት ብቻ አነሣና ወደ አፉ አመለከተኝ፤ መጀመሪያ ሥራህን ጨርስ እንደ ማለት። ሥራዬን ቀጠልኩ። እማዬ፣ በሕይወቴ የዚያን ያህል ተጠንቅቄ የሠራሁት ጥርስ የለም። አሁን ሲስቅ አይተሽዋል፤ የራሱ አይመስልም?

የሄደ ዕለት በአውቶቡስ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲያ ጋራዥ ስለገባ መኪና አላወራሁም፣ እሱም አልጠየቀኝም። መናኸሪያው ደርሰን ዕቃውን አስጭኖ፣ የአውቶቡሱን ደረጃ ከረገጠ በኋላ ዞር አለና ትከሻዬን ይዞ ጎንበስ አለ። በአዲሱ ጥርስ መናገር ገና ስላልለመደ ቃሉን አንድ በአንድ ነው ያወጣው። «ባትሪዋን አስለውጥ» አለኝ። «እህቴ ስትመጣ ወርዳ አትገፋም።» ከዚያ ሳቀና ገባ።

አውቶቡሱ ሄዶ እኔ እዚያው ኩም ብዬ ቀረሁ። መኪናዋን ሲገፋ ኦቾሎኒ ሻጯ «ሯጩ» ስትል በሰማበት ቅጽበት እንዳወቀኝ ያኔ ነው የገባኝ። አውቆም መግፋቱን አልተወም። እኔ ጥዬው ስሄድም አውቆ ነበር መንገድ መሃል የቆመው። ያ ሁሉ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ አብሮኝ ሲያድር፣ አንድ ሳህን ላይ አብሮኝ ሲበላ፣ አንዴም ሊያሳፍረኝ አልፈለገም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድቡን እመልስ ነበር፣ እጣላ ነበር፣ ከዚያ እንታረቅ ነበር። አሁን ግን ለብቻዬ ነው የማፍረው።

እሱ እንዳልነገረሽ አውቃለሁ። ባለፈው ስትደውዪ «ልጆቹ አግዳሚውን ወደዱት ወይ?» ስትዪኝ ነው ያወቅሁት። ስለዚህ እኔ ነገርኩሽ። ልጆች የሉም እማዬ። በረኛም የለም። ልጅሽ ከሰው አፍ አልወጣም፤ ዛሬም ጥርስ ሠሪ ነው። ለስፖርት አስተማሪው የክለብ ማልያ እልክልሃለሁ ያልኩትም ውሸት ነው። እትዬ፣ እስካሁን ዘግተሽው ከሆነ በሩን ክፈቺው። የዋሸሁት እናንተን ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩንም ነው፤ ይስሙ። የሰው አፍ ውስጥ መግባቴ ካልቀረ ምን አደርጋለሁ፣ ድሮም እንጀራዬ እዚያው ነው።

አግዳሚውን ግን አላባከንኩትም። ኦቾሎኒ ሻጯና እኔ ተሸክመን አደባባዩ ጋ ካለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አስቀመጥነው። ሰው እዚያ ቆሞ ነበር አውቶቡስ የሚጠብቀው። «ለተጠባባቂዎች» የሚለውን ጽሑፍ እያነበቡ ይቀመጡበታል፤ ማንም ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀም፣ ለእነሱ የተሠራ ነው የመሰላቸው። እኔ ጠዋት ሰልፉ ውስጥ ፍሪሲዮን እየረገጥኩ ስጠብቅ ፊት ለፊቴ እነሱ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መኪናዋን ልሸጣት አስቤ ነበር። ከዚያ የጋሼን ቃል አስታውሼ ተውኩት፤ እህቴ ስትመጣ ነው ያለው። ባትሪዋ ተለውጧል። ስትመጪ ከጎኔ ጋቢና ነው የምትቀመጪው፤ ከኋላ ሂጂ ብልሽም ከኋላ ወንበር የላትም። ስትወርጂ ግን እጄን ስጪኝ፣ ከጉድጓድ እንደ መውጣት ነው። ቶሎ እንደርሳለን ብለሽ ግን አትጠብቂ።

እንግዲህ እትዬ፣ ይህን ሁሉ ሳትዘይ አንብበሽ ከሆነ ጉንጭሽን ስሜያለሁ፤ ዘለሽም ከሆነ ተመልሰሽ አንብቢ። ለባለቤትሽ ለልብስ ሰፊው ሰላም በይልኝ፤ የላከልኝ ሱሪ ልኬ ነው፣ ከመኪናዋ ስወጣ ብቻ ጉልበቱ ላይ ይይዘኛል። ለትንሿ ልጅሽ ለወላቃዋ የወለቁት የፊት ጥርሶቿ በራሳቸው ይበቅላሉ፣ የእኔ እጅ አያስፈልጋቸውም በዪያት። ለስፖርት አስተማሪው ይቅርታ በዪልኝ፤ ስመጣ ደግሞ ራሴ እለዋለሁ። አንቺን እማዬ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ብትቆጪኝም ደውዪልኝ። ዝም ብቻ አትበዪኝ፣ አንድ ዝምታ በቅቶኛል።

ለጋሼ ይህን አድርሺልኝ። ያን ቀን እጄ መሪ ይዞ ስለነበር ሳላመሰግነው ቀረሁ። አሁን የያዘው ብዕር ብቻ ነው። እግዜር ይስጥልኝ በዪልኝ።

ልጅሽ፣ ጥርስ ሠሪው

ከአደባባዩ ፌርማታ፣ ከጋሼ አግዳሚ ላይ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር ፱ ቀን